አክተር አይሞትም

አክተር አይሞትም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው፣ የትኛው ምክር ቤት እንዳጸደቀው አላውቅም። እኔ የሰማሁት ሆሳዕና ውስጥ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት በተሸፈነ የጭቃ ቪዲዮ ቤት፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቄ ተቀምጬ ነው። እናንተም ሰምታችሁታል። አልሰማሁም የሚል ካለ ወይ ሀብታም ሰፈር ያደገ ነው፣ ወይ ይዋሻል። አክተሩ ከገደል ይወረወራል፤ አይሞትም። መርዝ ይጠጣል፤ አይሞትም። አንድ መንደር ሙሉ ሰው ጎራዴ መዝዞ ይከበዋል፤ የሚያሳዝኑት የከበቡት ናቸው። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ፈሪ «ሞተ እንዴ?» ብሎ ከጠየቀ ቤቱ በአንድ ድምፅ «አክተር አይሞትም!» ብሎ ያሳፍረዋል። የሚሞተው ቺፉ ነው። ቺፍ ማለት ክፉው ሰውዬ ነው፤ ጢም አለው፣ ብዙ ይስቃል፣ በመጨረሻ ይሞታል። ዓለም እንዲህ የተስተካከለች ነበረች።

እኔ በዚህ ሕግ ተናድጃለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ባለቤቴ መሠረት በዚህ ክረምት አረፈች። ክረምት ስል ዝናብ እንዳይታያችሁ፤ የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅ ነው፤ አጥንት ይቆረጥማል እንጂ ጠብታ አይጥልም። ሳል ነው ያልነው ነገር ሳል አልነበረም። ስለ ሕመሟ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከከተማው ወጣ ብሎ ዳቬይተን የሚባል ሰፈር ውስጥ ትንሽ ሱቅ አለን። እዚህ ስፓዛ ይሉታል፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ሳሙና፣ ፓራፊን የሚሉትን ላምባና የስልክ ካርድ በብረት ፍርግርግ እጃችንን እያሾለክን እንሸጣለን። ከሱቁ ጀርባ የምንኖርበት ክፍል አለ። ቤቴል የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ነው የተወለደችው። «አለችን» አልኩ? እጄ ገና አልለመደም።

መሠረት የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነበረች። ይህን ሁሉም ያውቃል። ካራቴ እንደምትወድ ግን የሚያውቅ አልነበረም። የቻይናን ከጃፓን ለይ የምትሉኝ አትጠፉም፤ እኛ ባደግንበት ቪዲዮ ቤት እግር ከተነሣ ካራቴ ነው፣ ጎራዴ ከተመዘዘም ካራቴ ነው። አንድ ቀን ለሱቁ ዕቃ ልንገዛ መሐል ከተማ ዱርንፎንቴን ሄደን፣ መንገድ ዳር ዲቪዲ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አንድ አሮጌ የቻይና ፊልም አነሣች። ሽፋኑ ላይ የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጎራዴ ይዛ ቆማለች። «ይቺ ናት» አለች መሠረት፣ የጠፋች እህቷን ያገኘች ይመስል።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት ጎራዴኛ ሴት አለች። ጓደኛዋ ስትሞት ሕፃን ልጇን አደራ ትላታለች። ሴትዮዋ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ፣ ጎራዴዋን በጎኗ ታጥቃ ተራራ ለተራራ ትሄዳለች። የሕፃኗን ዘር ማጥፋት የሚፈልግ ቺፍ ከኋላ ይከተላታል። የደረሰችበት ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷን ለእኛ ስጪን፣ ጎራዴና ልጅ አብሮ አይታዘልም። እሷ ብዙ አታወራም። ትቀመጣለች፣ ሻይ ታዛለች፣ ትጠጣለች። ከዚያ ሰው በጠረጴዛ ላይ መብረር ይጀምራል።

ሻይ ያልኩት መሠረትን አምኜ ነው። ፊልሙን እንግሊዝኛ አልብሰውታል፤ አፍ ለረጅም ጊዜ ይንቀሳቀስና ሁለት ቃል ይወጣል። ስለዚህ መሠረት ልክ እንደ ሆሳዕናው ቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆማ ለቤቴል ትተረጉምላት ነበር። «ይቺ ሴትዮ ከሩቅ ነው የመጣችው። ደክሟታል። እንዳታናግሯት።» ማሰሮው ውስጥ ያለው ሻይ እንዳልሆነ ቻይናም እኛም እናውቃለን። ተርጓሚዋ ግን ዘማሪ ናት። የሰፈሩ ልጆች በፍርግርጉ አንገታቸውን አስግገው «ማይ ፍሬንድ፣ ድምፁን ጨምረው!» ይሉኛል። እዚህ ሰፈር ሁላችንም ስማችን ማይ ፍሬንድ ነው። ሊዘርፈን የሚመጣም የሚጠራን በዚሁ ስም ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መሠረት ፊልሙን እስከ መጨረሻው አሳይታ አታውቅም። መጨረሻው አካባቢ ሴትዮዋ ልጅቷን አዝላ የገመድ ድልድይ ላይ ትወጣለች። ቺፉ ከወዲያ ማዶ ቀስቱን ይስባል። ይለቀዋል። ፍላጻው እየበረረ ሳለ መሠረት ቁልፉን ትጫንና «አለቀ» ትላለች። ቤቴልም አለቀ ብላ ትነሣለች። አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«መጨረሻውን አይተሽዋል?»

«አላየሁም።»

«ለምን?»

«አክተር አይሞትም። ምን አስቸኮለኝ?»

እንግዲህ ወደ ንዴቴ ልምጣ።

የለቅሶው ሳምንት ቤቴ ሞላ። ከዚያ በፊት ያላየሁት ሰው ሁሉ ፍራሼ ላይ ተቀመጠ። ቴሌቪዥኑ በመሠረት ነጠላ ተሸፈነ፤ ልማዱ ነው፣ አልከፋኝም። ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ሻይ ተቀዳ። ይህም አልከፋኝም። የከፋኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ጋሽ ኤርሱሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

ጋሽ ኤርሱሞ ማለት ከእኛ ባለሱቆች ሁሉ አንጋፋው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው። ሱቅ ሲዘረፍ መኪና ይዞ የሚደርስ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚያስታርቅ፣ ሬሳ ወደ አገር ሲላክ ወረቀቱን ይዞ የሚሮጥ እሱ ነው። አልጠላውም። ግን ጉሮሮውን ሲጠርግ አንድ ነገር ተወስኗል ማለት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ። «እህት አስቴር በሚቀጥለው ሳምንት ጠቅልላ አገር ትገባለች። ቤቴልም ከአክስቷ ጋር ሄዳ ሆሳዕና አያቷ ዘንድ ታድጋለች። ተመካክረናል።»

አስቴር የመሠረት ታላቅ እህት ናት፤ መሐል ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ውስጥ ፎቅ ላይ ክፍል ተከራይታ ነው የኖረችው። አንገቷን ነቀነቀች። ሌሎቹም ነቀነቁ። ተመካክረዋል። ከማን ጋር ነው የተመካከሩት? እኔ እዚያው ነኝ፤ ግድግዳው ሥር። ከሞትነው ሁለታችን የተቀበረችው እሷ ብቻ ስለሆነች እኔን የሚያየኝ የለም።

ምክንያት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ፀጉሯን ማን ይሠራታል? ወንድ ልጅ ብቻውን ሴት ልጅ እንዴት ያሳድጋል? ስታድግስ ምን ትሆናለች? አንዱ ወንድም ጭራሽ ሴቶችን ሊያሞግስ ተነሥቶ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ቁጭ አለ። ለየትኛው ወገን እንደተናገረ እስካሁን አልገባኝም። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ፤ እነዚህ ደግሞ እንጨቱን ሲሰዱ ዙሪያውን ጸልየውበት ነው።

ስለ ፀጉሯ ልመልስ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎጎ ኖምሳ፣ ሰፈሩ ሁሉ አያቱ አድርጎ የሚጠራት ባልቴት፣ ቤቴልን ከጨቅላነቷ ጀምሮ ደጃፏ ላይ አስቀምጣ ስትሠራት ኖራለች። ደግሞስ በዚህ ከተማ እግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ሹሩባ የሚሠሩ ወንዶች ሞልተው የለም? ስንቱ ምክንያት እንዲህ በአንድ ማበጠሪያ ይፈታ ነበር!

አንዱ ምክንያት ግን አይፈታም። ባለፈው ዓመት ዘራፊዎች ሽጉጥ ይዘው ሱቁ ገብተዋል። ቤቴል ከሩዝ ኬሻ ኋላ ነበረች። ጋሽ ኤርሱሞ ይህን አንሥቶ ዓይኔን ሲያየኝ ወደ ኬሻው ዞርኩ። ሱቅ ልጅ ማሳደጊያ አይደለም። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ልጅ ሲወለድልን እግሩ ሳይጸና ወደ አገር የምንልከው።

ልጁ አገር ደርሶ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጋሽ ኤርሱሞ ራሱ ያውቃል። የራሱን ሴት ልጅ በአራት ዓመቷ ልኳታል፤ ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል ናት። እሑድ እሑድ ይደውላል። ትላልቅ ነገር ይጠይቃታል፤ ትምህርት እንዴት ነው፣ ጸሎትሽ እንዴት ነው። እሷም «ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?» ትለዋለች። አባቷን። ከዚያ ስልኩን ለአያቷ ታቀብላለች። ይህን የነገረን እሱ አይደለም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሁላችንም እንሰማለን።

እንዲህ ተፈርዶ፣ ጸሎት ተደረሰ። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይዋ በፍርግርጉ ገብታ ወለሉ ላይ ሰልፍ ሠርታለች። አስቴር ቤቴልን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና እንድትለምዳት ይመስለኛል፣ ለስለስ ብላ ጠየቀቻት።

«የኔ እናት፣ እማዬ በጣም የምትወደው ምን ነበር?»

«ዲቪዲዋን።»

የጋሽ ኤርሱሞ ፊት በራ። ዘማሪ ዲቪዲ ወደደች ከተባለ ሌላ ምን ይሆናል? «መዝሙሯን ነው!» አለ። «ክፈቺው የኔ ልጅ። እንጽናናበት።» ራሱ ተነሥቶ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አወረደ፤ በአክብሮት አጠፈው።

ልናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ተመካክረዋል እኮ።

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አንዱ ዓይኑን ጨፈነ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ትልቅ የነሐስ ደወል ድም ሲል «አሜን» ያለም ነበር። ከዚያ የገለባ ባርኔጣ ያደረገችው ሴት በጣሪያ ገባች።

«በኢየሱስ ስም!» አለች አስቴር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ጋሽ ኤርሱሞ። «ቤቴል፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«እማዬ የምትወደው።»

ለዚህ መልስ ያለው ካለ ያምጣ። በለቅሶ ቤት የጎራዴ ፊልም ነውር ነው፤ ሟቿ የምትወደውን ማጥፋትም ነውር ነው። በሁለት ነውር መሐል የገባ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ይቀመጣል። ጋሽ ኤርሱሞ ተቀመጠ።

ቤቴል ግን አልተቀመጠችም። ከቴሌቪዥኑ ጎን ሄዳ ቆመች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። እናቷ እዚያው ቦታ ላይ እንዲሁ ነበር የምትቆመው።

«ይቺ ሴትዮ ከሩቅ ነው የመጣችው» አለች። «ደክሟታል። እንዳታናግሯት።»

ድምፁ የመሠረት ነበር። ቃሉ፣ ትንፋሹ፣ የት ጋ ዝቅ እንደሚል ሳይቀር። አስቴር አፏን በመዳፏ ያዘች።

«አሁን ሻይ እየጠጣች ነው።»

«በዚህ ማሰሮ?» አለ ጋሽ ኤርሱሞ።

«ሻይ ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ። ሻይ ይሁን።»

ፊልሙ ውስጥ ጠብ ሲመጣ ቤቴል አማርኛዋ ያልቅባትና «ኤይሽ! ዩ ሲ? ነገርኳችሁ አይደል!» ትላለች። ይህ የእናቷ አልነበረም፤ የዳቬይተን ነው። ከፍራሹ ላይ ቀስ በቀስ ሰው ወደ ፊት መሳብ ጀመረ። ዓይኑን ጨፍኖ የነበረው ወንድም ገልጧል። ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያለውም፣ ሴትዮዋ ግቢ ሙሉ ወንድ አንጥፋ ሻይዋን ስትጨርስ፣ ከንፈሩን መጠጠ። በአድናቆት ነው።

ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ሴትዮዋ አንድ መንደር ትገባለች። ጢማቸው የነጣ ሽማግሌዎች በረድፍ ተቀምጠው ይጠብቋታል፤ እኛ ቤት ከተቀመጡት የሚለዩት በጢማቸው ርዝመት ብቻ ነው። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። እውነቴን ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ነው የጠረገው።

ቤቴል ተረጎመች። «ተመካክረናል ይላሉ። አንቺ ብቻሽን ነሽ ይላሉ። መንገዱ መጥፎ ሰው አለበት ይላሉ። ልጅቷን ስጪንና ሂጂ ይሏታል።»

ሴትዮዋ የማዘያውን ቋጠሮ ያዘች። ልትፈታው ይመስላል።

«እንዳትሰጪ!»

የጮኸው ጋሽ ኤርሱሞ ነው። ከተቀመጠበት ተነሥቷል፤ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሯል። «እንዳትሰጪያቸው አንቺ ሴት! ይዋሹሻል! አንዴ ከሰጠሻት ያንቺ አይደለችም! አባቷ እንኳ ቢሆን…»

እዚያ ላይ ራሱን ሰማው።

ቻይናዎቹ ሽማግሌዎች ማውራታቸውን ቀጠሉ። የእኛዎቹ የወለሉን ላስቲክ ማጥናት ያዙ። የተናገረች አስቴር ብቻ ናት፤ እሷም ቀስ ብላ ነው።

«ጋሼ፣ ሰማንዎት እኮ።»

ጋሽ ኤርሱሞ ተቀመጠ። መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ሲጠርግ ቆየ። ሴትዮዋ ቋጠሮውን ልትፈታ ሳይሆን ልታጠብቅ ኖሯል የያዘችው። ልጅቷን እንዳዘለች ከመንደሩ ወጣች፤ ከኋላዋ የቀረው ሽማግሌ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበር።

ድልድዩ መጣ። ገመዱ ተወዛወዘ። ቺፉ ቀስቱን ሳበ። ለቀቀው።

«አለቀ» አለች ቤቴል፤ አጠፋችው።

ቤቱ ተናወጠ። «ምን ሆነ? መብራት ሄደ?» «ሎድሸዲንግ ነው?» «እንዴት ያልቃል፣ ፍላጻው አየር ላይ ነው እኮ!»

«እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው» አለች ቤቴል። «እማዬ እዚህ ጋ ነው የምታቆመው።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ ወንድም ለራሱ የሚያወራ ያህል፣ ከልጅነት የተረፈ ልማድ ሆኖበት «ይሁን፤ መቼም አክተር አይሞትም» አለ።

ሳምንቱን ሙሉ አልተናገርኩም ነበር። አጽናኑኝ፤ ዝም አልኩ። ፈረዱብኝ፤ ዝም አልኩ። ይህን ግን አልቻልኩም።

«ይሞታል!» አልኩ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «አክተር ይሞታል! እዚህ ቤት ሞቷል! ቺፍ ሁሉ በየመንገዱ ሽጉጥ ታጥቆ እየሳቀ፣ የኔዋ ነች የሞተችው! ማነው አይሞትም ያላችሁ? ማነው ይሄን ውሸት ያስተማረን?» የቀረውን ዝቅ ብዬ ነው የተናገርኩት። «ልጄን አልሰጥም። ከጎጎ ኖምሳ አጠገብ ቤት እከራያለሁ፤ ከሱቁ ትወጣለች። ከኔ ግን አትወጣም።»

ጋሽ ኤርሱሞ መነጽሩን አደረገ። ቀና ብሎ አየኝ። ግርም እንዳለው ሰው ነው ያየኝ።

«አንተ ልጅ፣» አለ፣ «ማን ስጥ አለህ?»

ሌሎቹንም ዞሮ አያቸው። «ስጥ ያለው አለ እንዴ? ማን ነው ያለው?» አንዱም አላለም። ሁሉም ራሱን ወዘወዘ፤ ማንም አላለም፤ እንዴት ተደርጎ! ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ያለውማ «አባትና ልጅ ማለያየት ኃጢአት ነው» ብሎ ጥቅስ ሊፈልግ መጽሐፉን ገለጠ። እናንተዬ፣ ያን ቀን ከሁሉ በላይ የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ለጠብ የተዘጋጀ ሰው ጠበኛውን ሲነፍጉት ምን ያደርጋል? ጎራዴዬን መዝዤ ቆሜ ቀረሁ።

አስቴር ለቤቴል ብላ ያዘጋጀችውን ሻንጣ ከፈተችና ልብሶቿን አንድ በአንድ እያወጣች ወደ ቁም ሣጥኑ መለሰች። ሹራቧ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «የእህቴ ድምፅ እኮ እዚህ ነው ያለው፣ ታዴ» አለችኝ። «እኔ ይዤ የምሄደው ልጅቷን ብቻ ነበር።» የምትሄድ ዕለትም አውሮፕላን ጣቢያ ላይ እኔን ሳይሆን ቤቴልን አቅፋ አለቀሰች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

አሁን የምንኖረው ከጎጎ ኖምሳ ጓሮ በተከራየነው ክፍል ነው። ሱቁ ከመንገዱ ወዲህ፣ ልጄ ከመንገዱ ወዲያ። እየተሻገርኩ አያታለሁ። ጋሽ ኤርሱሞም እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይመጣል። «ልጸልይላችሁ ነው» ይላል፤ ይጸልያልም፤ ጸሎቱ ከሳምንት ሳምንት እያጠረ ነው። ከዚያ ለስላሳ መያዣው ሣጥን ላይ ይቀመጥና ቤቴልን ያያታል። ቤቴል ትከፍታለች፣ ትቆማለች፣ ትተረጉማለች። ድልድዩ ላይ ታቆማለች። እሱም ባርኔጣውን አድርጎ ይሄዳል።

ባለፈው እሑድ ግን በር ላይ ያዘኝ።

«ለመሆኑ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትሞታለች?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ዲቪዲው ቤትህ እያለ?»

«አዎ።»

ጆሮውን አከከ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት እንደሚችል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። «ታሪኩን ለልጄ በስልክ ነግሬያት ነበር። የምጠይቃት ነገር አልቆብኝ ነው። ስልኩን ለአያቷ አልሰጠችም። ድልድዩ ጋ ስደርስ፣ ‹ከዚያስ?› አለችኝ።» ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። «‹ከዚያስ፣ አባዬ?› ነው ያለችው። ምን ልበላት?»

እኔ በዚያ ሕግ አሁንም ተናድጃለሁ። እስክሞት እናደዳለሁ። ላወጣው ሰው አንድ ቀን ጉሮሮዬን ጠርጌ የምነግረው ነገር አለኝ። ግን ለጋሽ ኤርሱሞ የምሰጠው ሌላ መልስ አጣሁ።

«ፍላጻው ገና አየር ላይ ነው ይበሏት» አልኩት። «እሑድ ደግሞ ይደውሉ።»